በስውር ስለሚፈጸም ትእዛዝ



ከአዲስ ዘመንና ከይፋግ፣ ከወረታና ከሐሙሲት ተነሥታችሁ ወደዚህ ወደ ጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ የመጣችሁ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ሠራተኞችና፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒዩተር እንቢ ባለ ቁጥር አስቀድሞ ስማችሁ የሚጠራ ወጣቶች በተሰበሰባችሁበት በዚህ ጉባኤ ልናገርበት የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ጆሮ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር የነካ እጅ ሁሉ ሳያውቀው ያለፈበት ጉዳይ ነው። እርሱም አንድ ሶፍትዌር በሚጫንበት ጊዜ፣ መጫኛው ከተጠቃሚው ዐይን ሰውሮ ሌሎች ፕሮግራሞችን በጽሑፍ ትእዛዝ እየጠራ የሚያሠራበት ሥርዓት ነው። የመቀጠያውን ቁልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነን፣ አረንጓዴው መሥመር ከግራ ወደ ቀኝ እስኪሞላ በምንጠብቅባት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ፣ እኛ የማናያቸው ትእዛዛት እርስ በርስ እየተከታተሉ ፋይል ይገለብጣሉ፣ ፎልደር ይፈጥራሉ፣ የኮምፒዩተሩን መዝገብ ይለውጣሉ፣ ከበስተጀርባ ዘወትር የሚሠራ አገልግሎት ያቆማሉ፤ ሥራቸው ሲያበቃም ማን እንደ ነበሩና ምን እንዳደረጉ ለባለቤቱ ሳይነግሩ ያልፋሉ።

ይህ ሥርዓት በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ያለ እርሱ ብዙ ጠቃሚ ሥራ አይሠራም። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው፦ የትእዛዙን መስኮት ከሰው ዐይን የሸሸገ ባለሙያ፣ ያ መስኮት ለሰው ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት ሁሉ በራሱ ትከሻ ላይ እንደ ተሸከመ፣ ስለዚህም በስውር የሚሠራ ሥራ በገሃድ ከሚሠራው ይልቅ የበዛ ጥንቃቄና የበዛ ምስክር እንደሚያስፈልገው ነው።

አስቀድሜ ጥቂት ታሪክ ልናገር። ኮምፒዩተር ሥዕልና ቁልፍ የሚታይበት መስኮት ሳይኖረው በፊት፣ ሰው ከእርሱ ጋር የሚነጋገረው ትእዛዝን በፊደል እየጻፈ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ማበጀት ጀመሩ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሥራ ባልደረባቸው ዳግላስ ማክልሮይ ሲጎተጉትበት የቆየው ሐሳብ ተፈጽሞ፣ ከአንዱ ፕሮግራም አፍ የወጣው ቃል ለሚቀጥለው ፕሮግራም ጆሮ እንዲደርስ በመካከላቸው ቧንቧ ተዘረጋ። ከዚህ የተነሣ በዚያ መንደር አንድ ልማድ ጸና፤ ሥራው የቀናለት ፕሮግራም ያለ ፋይዳ አይናገርም፣ ቢናገር ቃሉ ከሚቀጥለው ፕሮግራም ሥራ ጋር ይደባለቅበታልና። ነገር ግን እነዚያ ሊቃውንት ዝምታን ሲወድዱ ምስክርነትን አልሻሩም። ለስሕተት ነገር ከመደበኛው ንግግር የተለየ መንገድ አበጁለት፤ እያንዳንዱም ፕሮግራም ሥራውን ፈጽሞ ሲሰናበት ለጠራው አካል አንድ ቁጥር እንዲያስረክብ አደረጉ፤ ዜሮ ከሆነ ደኅና፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ግን የደረሰ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ የመሰናበቻ ቁጥር ዛሬም በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ሕያው ነው፤ የዛሬው ንግግሬ ግማሽ በእርሱ ላይ ያረፈ ነው።

በዊንዶውስ ዘንድ ነገሩ የራሱ ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ባለ መስኮት ይሁን ወይስ በትእዛዝ የሚሠራ፣ በራሱ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ባለ መስኮቱ መጫኛ በትእዛዝ የሚሠራውን ሲጠራው፣ ዊንዶውስ ለተጠሪው የሚናገርበት ስፍራ ስለሌለው ያን የምታውቁትን ጥቁር መስኮት ይከፍትለታል፤ መጫኛው ግን ሲጠራው «መስኮት አይከፈት» የሚል ምልክት ቢጨምር ፕሮግራሙ ሳይታይ ይሠራል። ብዙዎቻችሁ እንዳያችሁት፣ ምልክቱ ያልተጨመረበት መጫኛ በመካከሉ ጥቁር መስኮት ብልጭ ያደርግና፣ በላዩ ነጫጭ የእንግሊዝኛ ፊደላት ፈጥነው ይወርዳሉ። የጽሕፈት ሠራተኛይቱ ይህን ስታይ ቫይረስ ገባብኝ ብላ በጥጉ ያለውን የኤክስ ምልክት ትጫናለች፤ በዚያች ቅጽበት ትእዛዙ ከመካከሉ ይቆረጣል፤ ዳታቤዙ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ይቀራል። እንግዲህ መስኮቱን መሰወር ያስፈለገበት እውነተኛው ምክንያት ይህ ነው፤ ተጠቃሚውን ከማይረዳው ነገር፣ ሥራውንም ከድንገተኛ መቋረጥ ለመጠበቅ ነው። በዚህ ላይ ለብዙ ኮምፒዩተር ኃላፊ የሆነ ሰው በእያንዳንዱ ማያ ፊት ቆሞ ቁልፍ ሊጫን አይችልምና፣ መጫኛው ራሱ ምንም ሳይጠይቅ በዝምታ እንዲሠራ ማድረግ የግድ ይሆንበታል።

መጫኛ ለሚሠሩ ሰዎች በነጻ ከሚገኙት መሣሪያዎች ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንዱ ጆርዳን ራስል በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢኖ ሴታፕ ነው፤ ሁለተኛው የዊንአምፕ ማጫወቻ ባለቤት የነበረው ነልሶፍት ያበጀው ኤንሲስ ነው። በሁለቱም ዘንድ የመጫኛው ሠሪ ምኑ የት እንደሚገለበጥ፣ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ተራ እንደሚፈጸም በጽሑፍ ያሰፍራል። በኢኖ ሴታፕ «ረን» የተባለ ክፍል አለ፤ በዚያ ክፍል ከትእዛዙ አጠገብ «ረንሂድን» የሚል ቃል ቢጻፍ መስኮቱ ይሰወራል። በኤንሲስ ደግሞ «ኤክሴክዌይት» የሚባለው ቃል ትእዛዙ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ጥቁሩን መስኮት ግን አይሸሽግም፤ ለዚህ ተብሎ የተበጀው ተጨማሪ ክፍል ግን መስኮቱን ሸሽጎ፣ ፕሮግራሙ የተናገረውንና ያስረከበውን ቁጥር ለመጫኛው ያቀብለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ፤ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በኢኖ ሴታፕ በ«ረን» ክፍል የሰፈረ ትእዛዝ ፕሮግራሙ ጨርሶ ሊነሣ ካልቻለ መጫኛው ይናገራል፤ ተነሥቶ ሥራው ከከሸፈና ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካስረከበ ግን መጫኛው ያን ቁጥር አይመረምረውም፤ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ይሻገራል፣ በመጨረሻም መጫኑ በሰላም እንደ ተፈጸመ ያበሥራል። ቁጥሩ እንዲመረመር የፈለገ ባለሙያ ትእዛዙን ከዚያ ክፍል አውጥቶ በመሣሪያው የፓስካል ቋንቋ ራሱ መጥራት፣ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ የተመለሰለትንም ቁጥር ማንበብ አለበት። ሁለት መሥመር ጽፎ የሚያልፈውንና ሃያ መሥመር ጽፎ የሚጠነቀቀውን ባለሙያ የሚለያቸው ይህ ድካም ነው፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን የሁለቱ መጫኛ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻ ነው።

ክፉውን ቀን በዚሁ በአገራችን ምሳሌ ላሳያችሁ። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ ለመሰብሰብ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለውን፣ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውን ሶፍትዌር ይጠቀማል። ይህ ሶፍትዌር በማእከላዊ ኮምፒዩተር ተቀምጦ በኢንተርኔት ይደረስበታል፤ ኔትወርክ በማይደርስበት ስፍራ ግን እዚያው በጤና ጣቢያው ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ እንዲሠራ፣ መረጃውም ኋላ መስመር ሲገኝ እንዲላክ ይደረጋል። እናንተ የፎገራን ሜዳ ታውቁታላችሁ፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ባሕር ይሆናል፣ መንገድ ይቋረጣል፣ መብራትና ኔትወርክም አብሮ ይጠፋል፤ የወባ በሽተኛ የሚበዛውም ውኃው መጉደል ሲጀምር ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላአዛር ተነሥቶ ብዙ ሰው በፈጀ ጊዜ፣ በሽታው ምን እንደ ሆነ ከመታወቁ በፊት ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ የምታስታውሱ አላችሁ። በዚህ ወረዳ የበሽተኛ ቁጥር በጊዜው መመዝገቡና በጊዜው መድረሱ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ያን ሶፍትዌር በአንድ ላፕቶፕ ላይ ለመትከል ሦስት ሌሎች ነገሮች አስቀድመው መተከል አለባቸው፤ ጃቫ፣ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝና፣ ቶምካት የተባለው የድረ ገጽ አገልጋይ። የጤና ባለሙያ ሦስቱን አንድ በአንድ ይትከል ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ስለዚህ አንድ ባለሙያ ሁሉንም በአንድ መጫኛ ጠቅልሎ በፍላሽ ሊሰጠው ይገባል። ያ መጫኛ ሲነሣ ጃቫን በዝምታ ይተክላል፤ ቀጥሎ የፖስትግሬስን መጫኛ «ያለ ሰው እርዳታ ሥራ» በሚል ትእዛዝ ይጠራል፤ ቀጥሎ ዳታቤዝ ፍጠር፣ ተጠቃሚ ሰይም፣ ሠንጠረዦችን አስገባ የሚሉ ትእዛዛት በተራ ይፈጸማሉ፤ በመጨረሻ ቶምካት ይነሣል። ይህ ሁሉ ከአንድ አረንጓዴ መሥመር በስተጀርባ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስንት ነገር ሊሳሳት እንደሚችል አስቡ። የዳታቤዙ አገልግሎት ተነሥቶ ትእዛዝ ለመቀበል እስኪዘጋጅ ጥቂት ጊዜ ይፈጃል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ሲሆን ይበልጥ ይዘገያል። ባለሙያው በራሱ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሞክሮ ስለ ሠራለት ጥበቃውን ካልጻፈ፣ «ዳታቤዝ ፍጠር» የሚለው ትእዛዝ ጌታው ሳይነሣ ደጁን አንኳኩቶ ይመለሳል፤ የሚከተሉትም ትእዛዛት ሁሉ ባልተፈጠረ ዳታቤዝ ላይ እየተፈጸሙ ይወድቃሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተሰወረ ጥያቄ ነው። የፖስትግሬስ የትእዛዝ ፕሮግራም የይለፍ ቃል አስቀድሞ ካልተሰጠው «የይለፍ ቃልህን ጻፍ» ብሎ ይጠይቃል። ፋይል የሚገለብጠው ኤክስኮፒ የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝም፣ መድረሻው ፋይል ይሁን ፎልደር ካልተነገረው ይጠይቃል፤ ቀድሞ የነበረ ፋይል ካገኘም ልተካው ወይ ብሎ ይጠይቃል። መስኮቱ ቢታይ ኖሮ ሰው አንድ ፊደል ነክቶ ይመልስለት ነበር፤ መስኮቱ ግን ተሰውሯል፤ ፕሮግራሙ መልስ ይጠብቃል፤ መጫኛው ፕሮግራሙን ይጠብቃል፤ የጤና ባለሙያው ደግሞ መጫኛውን ይጠብቃል። አረንጓዴው መሥመር በመካከል ላይ ቆሞ፣ ሰውዬው ምሳውን በልቶ ሲመለስም እዚያው ያገኘዋል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ኮምፒዩተሩን ያጠፋዋል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ መመለስ። ለኤክስኮፒ «መድረሻው ፎልደር ነው፣ ፋይል ብታገኝም ተካው» የሚል ምልክት አለው፤ ለዳታቤዙ ፕሮግራም «ከቶ የይለፍ ቃል አትጠይቅ፣ ካላገኘህ ስሕተት ብለህ ተመለስ» የሚል ምልክት አለው፤ የይለፍ ቃሉም በተጠበቀ ፋይል ሊቀመጥለት ይችላል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የጊዜ ገደብ ይቀመጥለታል፤ ከገደቡ ካለፈ ይቆም፣ ለምን እንደ ቆመም ይጻፍ። የይለፍ ቃልን በትእዛዙ መሥመር ላይ ራቁቱን መጻፍ ግን አይገባም፤ ያ መሥመር ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ለሌሎች ሊታይ ይችላል፣ በማስታወሻ ፋይልም ተገልብጦ ይቀራልና፤ የበሽተኞች መዝገብ መክፈቻ በእንዲህ ያለ ስፍራ ተጥሎ ማየት ያሳዝነኛል።

የመሰናበቻውን ቁጥር ማንበብም የራሱ ትምህርት አለው። በማይክሮሶፍት የመጫኛ ሥርዓት 1603 ማለት ሥራው በከባድ ስሕተት ቆመ ማለት ነው፤ 1618 ማለት ሌላ መጫኛ ሥራ ላይ ስላለ ቆይተህ ና ማለት ነው፤ 3010 ማለት ግን ሥራው በደኅና ተፈጽሟል፣ ሆኖም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ መነሣት አለበት ማለት ነው። ከዜሮ በቀር ሁሉን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ባለሙያ 3010ን ሲያይ ያለ ጥፋቱ ይኮንነዋል፤ ሁሉን እንደ ደኅና የሚቆጥር ደግሞ 1603ን እያየ ይቀጥላል። 1618 ያጋጠመው ጥቂት ታግሦ ዳግመኛ መሞከር እንጂ ማቆም አይገባውም። ስለዚህ ቁጥሮቹን አንብቦ እያንዳንዱን እንደ ግብሩ መፍረድ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ በተለይ እኛን፣ በፊደላችን የምንጽፈውን ሕዝብ ስለሚነካ ነገር ልናገር፤ ይህን ነገር የውጭ አገር መጻሕፍት አይነግሯችሁም። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ነው፤ 345 ሆሄያትና ምልክቶች በዚያን ጊዜ ተመዘገቡ። ከዚያ አስቀድሞ ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ ሰዎች አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ በየራሳቸው መንገድ ደክመዋል፤ በዩኒኮድ ምዝገባውም ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ብዙ ተሟግተዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ፎንት ለመጫን የነበረው ጭንቀት ቀለለ።

ነገር ግን በመጫኛዎች ልብ ውስጥ አንድ ቀሪ ችግር ተደብቆ ኖሯል። ዊንዶውስ ከዩኒኮድ በፊት ለነበሩ ፕሮግራሞች ለብዙ ቋንቋዎች አሮጌ የፊደል ሠንጠረዥ ነበረው፤ ለአረብኛ፣ ለግሪክኛ፣ ለዕብራይስጥ፣ ለራሽያኛ ሁሉ አለ። ለአማርኛ ግን ከቶ አልተሠራም፤ አማርኛ በዊንዶውስ ዘንድ በዩኒኮድ ብቻ የሚኖር ቋንቋ ነው። እንግዲህ አንዲት መምህርት ኮምፒዩተሯን ስትከፍት ስሟን በገዛ ፊደሏ «ወርቅነሽ» ብላ ብትመዘግብ፣ ዊንዶውስ በዚያው ስም የግል ፎልደር ይሠራላታል፤ የጊዜያዊ ፋይሎች ማኖሪያዋም በዚያ ፎልደር ውስጥ ነው። መጫኛ ሲነሣ ደግሞ አስቀድሞ ዕቃውን የሚዘረግፈው በዚሁ በጊዜያዊው ስፍራ ነው። መጫኛው ወይም የሚጠራው ትእዛዝ አሮጌውን ሠንጠረዥ የሚጠቀም ከሆነ፣ «ወርቅነሽ» የሚለው ስም በእያንዳንዱ ሆሄ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ በዊንዶውስ የፎልደር ስም ሊሆን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ትእዛዙ የሌለ ስፍራ እየፈለገ ባዶ እጁን ይመለሳል። መስኮቱ ተሰውሯልና ማንም አያውቅም። ስሟን በላቲን ፊደል የጻፈች ጎረቤቷ ያው መጫኛ ሠርቶላት፣ እርሷ በቋንቋዋ ስለ ጻፈች ብቻ ተከልክላ ትቀራለች፤ ምክንያቱንም የሚነግራት የለም። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በስሙና በፊደሉ ምክንያት ከአገልግሎት መጉደሉ፣ የሠሪው ሐሳብ ክፉ ባይሆንም እንኳ፣ በደል ነው።

ኤንሲስ ከሦስተኛው እትሙ ጀምሮ ዩኒኮድ የሚያውቅ መጫኛ መሥራት ይችላል፤ ኢኖ ሴታፕም በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው በስድስተኛው እትሙ አሮጌውን ዓይነት ጨርሶ ትቷል። ስለዚህ መጫኛው ራሱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ የሚጠሩት የትእዛዝ ፕሮግራሞች ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አሮጌ ናቸው። አስተዋይ ባለሙያ እነዚህን ትእዛዛት የሚያሠራው የተጠቃሚው ስም በማይገባበት፣ ለሁሉ በጋራ በተሰጠ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሥራውንም ከማውጣቱ በፊት በአማርኛ ስም በተከፈተ ተጠቃሚ ሥር ይፈትነዋል። በኢትዮጵያ የሚሠራ መጫኛ ሁሉ በዚህ ፈተና ሳያልፍ ሊወጣ አይገባውም ብዬ እፈርዳለሁ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አጭር ነገር ላክል። የአማርኛ ኪቦርድ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲጫን ለመጫኑ ፈቃድ የሚሰጠውን የይለፍ ቃል የሚያስገባው የኮምፒዩተር ባለሙያው ነው፤ በዚያን ጊዜ የተሰወሩት ትእዛዛት በባለሙያው ስም ይሠራሉና፣ ኪቦርዱ ለእርሱ ተተክሎ ለጸሐፊዋ ሳይተከል ይቀራል። ኢኖ ሴታፕ ለዚህ «በመጀመሪያው ተጠቃሚ ስም ሥራ» የሚል ቃል አለው፤ ቃሉን መጻፍ ይበቃል።

ስለ መሰወር ስናገር የክፉዎችን ሥራ ዘልዬ ማለፍ አልችልም። እናንተ ሁላችሁም የሾርትከት ቫይረስን ታውቁታላችሁ፤ ፍላሹን ስትከፍቱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ በጥጋቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሾርትከት በውስጡ የትእዛዝ መሥመር ይዟል፤ ስትነኩት አስቀድሞ የተደበቀውን ተንኮለኛ ፕሮግራም ያለ መስኮት ያስነሣል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል፤ እናንተም ፋይላችሁን አግኝታችኋልና ምንም እንዳልሆነ ታልፋላችሁ። ቀደም ባለው ዘመን ይህን ያህል መነካትም አያስፈልገውም ነበር፤ ፍላሹ እንደ ተሰካ ዊንዶውስ ራሱ ትእዛዙን ይፈጽምለት ነበርና። ማይክሮሶፍት ይህን በር በዊንዶውስ 7፣ ኋላም በ2011 እ.ኤ.አ. በአሮጌዎቹ ላይ ዘግቶታል።

ከዚህ የከፋው በወገኖቻችን ላይ የደረሰው ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ዘገባ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ በተሠራ የስለላ ሶፍትዌር እንደ ታደኑ ገለጠ። ወጥመዱ የመጣላቸው በኢሜይል ነበር፤ ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ማጫወቻህን አድስ፣ ጽሑፉን ለማንበብም ይህን የፒ.ዲ.ኤፍ. ፕሮግራም ጫን የሚል ነበር። ሰውዬው የፈቀደው ማጫወቻ እንዲታደስለት ነው፤ በዚያ ፈቃድ ጥላ ሥር ግን ያልፈቀደው ሰላይ ገብቶ ተቀመጠ። የፖለቲካውን ክርክር ለሌላ መድረክ እተወዋለሁ፤ ለዛሬው ርእሳችን የሚበቃው ግን፣ በስውር ትእዛዝ የማሠራት ሥልጣን ከሰው እጅ የሚወሰደው በአንድ የመቀጠያ ቁልፍ መሆኑ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የታወቀው የሶላርዊንድስ ጉዳይም፣ የኩባንያው ሕጋዊ ፊርማ ያለበት ማደሻ ሳይቀር ተበርዞ ወደ 18,000 ለሚሆኑ ደንበኞች እንደ ደረሰ አሳይቷል። ስለዚህ ፊርማ ማየት መልካም ቢሆንም፣ ፊርማ ብቻውን ዋስ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ቅን ሠራተኛ ከክፉው በምን ይለያል? ሁለቱም መስኮት ይሸሽጋሉ፤ ሁለቱም በዝምታ ይሠራሉ። ልዩነቱን በምናውቀው ሥርዓት ልመስለው። በቅዳሴ ጊዜ መጋረጃው ሲጋረድ በመቅደስ ውስጥ የሚሆነውን በውጭ የቆመው ሕዝብ አያይም፤ ካህኑም በለሆሳስ የሚጸልየው ጸሎት አለ፤ ነገር ግን ቃጭሉ ይሰማል፣ ዲያቆኑ ተነሡ ጸልዩ ይላል፣ ሕዝቡም ሥርዓቱ ከየት እንደ ደረሰ አውቆ በጊዜው ይመልሳል፤ የሚጸለየውም ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛልና ሊማር የፈለገ ይማረዋል። ቅኑም መጫኛ እንዲሁ ነው፤ መጋረጃ አለው፣ ከመጋረጃው ውጭ ላለው ሰው ግን የሚሰማ ድምፅና የሚነበብ መጽሐፍ አለው።

ድምፁ በአማርኛ ይሁን። አረንጓዴው መሥመር ሲሞላ ከላዩ «ዳታቤዙ እየተዘጋጀ ነው፤ እስከ አምስት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩን አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ማሳየት ለኢኖ ሴታፕም ለኤንሲስም የአንድ መሥመር ሥራ ነው። ሥራው ሲወድቅም «ስሕተት ተፈጥሯል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የትኛው ሥራ እንደ ወደቀ፣ የተጀመረው ተመልሶ እንደሆነ ወይም እንዳልተመለሰ፣ ሰውዬው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነገረው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር መጫኛው ዳግመኛ ቢነሣ ከየት እንደ ቆመ አውቆ የሚቀጥል፣ የተሠራውንም ሁለት ጊዜ የማይሠራ ይሁን።

መጽሐፉ ደግሞ የሥራው ማስታወሻ ነው፤ ባለሙያዎች ሎግ የሚሉት። እያንዳንዱ የተሰወረ ትእዛዝ ከነሰዓቱ፣ ከተናገረው ቃልና ካስረከበው ቁጥር ጋር በአንድ ፋይል ይጻፍ፤ የይለፍ ቃል ግን አይጻፍበት። የዚህ ፋይል አለመኖር ምን እንደሚያስከትል በየመሥሪያ ቤታችሁ አይታችኋል። ነገሩ አልሠራ ሲል ምክንያቱን የሚያውቅ ስለማይገኝ፣ ኮምፒዩተሩ ወደ ከተማ ተወስዶ ፎርማት ይደረጋል፤ አብሮት የስንት ዓመት ደብዳቤ፣ የተማሪ ውጤት፣ የሩዝ ሙከራ መዝገብ፣ የበሽተኛ ቁጥር ይጠፋል። አንድ ገጽ ማስታወሻ ቢኖር በወረታ የሚቀመጥ ወጣት አንብቦ በአንድ ሰዓት ሊያስተካክለው ይችል ነበር።

በዚህ በደቡብ ጎንደር ምድር ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕትን፣ ቤተ ልሔምም ድጓን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲያስተላልፉ የኖሩት ምስክርነትን አጥብቀው በመጠበቅ ነው፤ በእነዚህ ጉባኤያት ደቀ መዝሙር ሳይመሰከርለት መምህር አይባልም። የዛሬዎቹ የሶፍትዌር ተማሪዎቻችንም ለሥራቸው ምስክር ማቆምን ከዚህ ልማድ ቢወርሱ ከባዕድ የተቀዳ ነገር አይሆንባቸውም።

ስለዚህ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒዩተር የምትማሩ ልጆቼ ሆይ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቀበሌ መጫኛ ስትሠሩ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የሸሸጋችሁትን ትእዛዝ ሁሉ ጠብቁት፣ ቁጥሩን አንብቡለት፣ በማስታወሻ ጻፉት፣ በአማርኛ ስም በተከፈተ ኮምፒዩተር ላይም ፈትኑት። ምን ምን ትእዛዝ እንደሚፈጽም የሚዘረዝር አንድ ገጽ ወረቀትም ከፍላሹ ጋር ለባለቤቱ ስጡት። እናንተም የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ሶፍትዌር ሊጭንላችሁ የመጣውን ሰው ሥራውን ከማስጀመራችሁ በፊት ያን ወረቀት ጠይቁት፤ ሥራውን ሲጨርስም የማስታወሻው ፋይል የት እንደ ተቀመጠ ሳያሳያችሁ ርክክቡን አትፈርሙለት።